በህልም የታየው አውራ ዶሮ፦ የአቶ ስለሺ አጥናፉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ስለሺ አጥናፉ ከአባታቸው ከአቶ አጥናፉ ወልደ ሰማዕት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅነሽ ይመር፣ ኅዳር 6 ቀን 1944 ዓ.ም. በቁስቋም ማርያም ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱት በታቦቷ ዕለት ስለሆነ እናታችን «ዕድለኛ ነው» ይሏቸው ነበር። እኛ ታናናሾቻቸው ግን ዕድላቸውን ያየነው ውኃ ቅዳ ሲባሉ በመሰወር ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ይርጋለም ስለሆንኩ፣ ትንሽ ብዳፈርም አይቀየሙኝም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ ቅጥር ፊደል ቆጠሩ፤ ከዚያም በሰፈሩ ትምህርት ቤትና በዊንጌት ተማሩ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እሳቸው በመስኮት ከእንጦጦ የሚወርደውን ጉም ያዩ ነበር። አንድ ቀን «ስለሺ፣ አሁን ምን አልኩ?» ተብለው ሲጠየቁ «ጉሙ ደጃችን ደረሰ» ብለው መለሱ አሉ። ተገረፉ እንጂ ልማዱን አልተዉትም።

በ1966 ዓ.ም. በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ተቀጥረው፣ በ1999 ዓ.ም. በጡረታ እስከተሰናበቱ ድረስ በቅንነት አገልግለዋል። በበዓል ሰሞን ዶሮ ዘቅዝቆ የሚሳፈር ሰው ሲያዩ ሞተር አጥፍተው «ወይ ቀና አድርገህ ያዘው፣ ወይ ውረድ!» ይሉ ነበር። ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም ዶሮው ቀና ሳይል መኪናው አይንቀሳቀስም።

በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደሳለች ቶለሳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሐመልማልንና ኖህን ወልደዋል። ወይዘሮ ደሳለች ከእናታቸው ቤት ሲመጡ አናቷ ላይ ጉትዬ ያላት፣ ጥቁርና ነጭ የተዋሃደባት ገብስማ ዶሮ ይዘው ነበር። የነገሩ ሁሉ መነሻ እሷ ናት።

አንድ የክረምት ሌሊት አቶ ስለሺ ህልም አዩ። ጉም ሰፈሩን ሁሉ ውጦት፣ ከጉሙ በላይ በአጥሩ ጫፍ አንድ አውራ ዶሮ ቆሟል። ላባው ገብስማ፣ ጉትዬው እንደ ዘውድ የተደፋ፣ እግሩ ቢጫ ነው። አንድ ጊዜ ሲጮኽ ጉሙ ቀስ ብሎ ተገፈፈ። ጠዋት ይህን ሲናገሩ ወይዘሮ ደሳለች «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፤ የእኔው ጉድ ደግሞ ዶሮ ያልማል!» ብለው ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ያንን አውራ ዶሮ ከዚያችው ዶሮ ዘር ሊያወጡት ቆርጠው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ ሕይወታቸው ይኸው ነበር። ጉትዬውን ያገኙ እንደሆነ እግሩ ይጠቁራል፣ እግሩ ቢጫ ሲሆን ላባው ይቀላል። የተሻለውን ለዘር ያስቀራሉ፣ ሌላውን ይሸጣሉ፤ ባዕድ አውራ ዶሮ ግቢያቸውን አይረግጥም። ዘሩ በዝምድና እንዳይደክም ቄቦችን ለጎረቤት በርቢ ይሰጡና ከጫጩቶቹ ድርሻቸውን መርጠው ይመልሳሉ። ከጡረታ በኋላማ ፀሐይ እስክትወጣ ጫጩቶቹን በጋቢያቸው አቅፈው ደጅ ይቀመጡ ነበር፤ ማን ማንን እንዳስተኛ አይታወቅም። የሰፈሩ ሰው «ወንድ ልጅ ዶሮ ያቅፋል?» እያለ ሲተርባቸው እንኳ ከእንቅልፋቸው አይነቁም።

ልጆቻቸው ተዳሩ፣ ፀጉራቸው ሸበተ፣ ያ አውራ ዶሮ ግን አልመጣም። እውነቱን ለመናገር እኛም ተስፋ ቆርጠን ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከተፈለፈሉት አንዱ አደገና፣ አንድ ጉማም ጠዋት አጥሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ላባው፣ ጉትዬው፣ እግሩ፣ ሁሉም እንደታየው ነው። ወንድሜ ባለቤታቸውን ጠርተው አሳዩአቸውና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ስም እንኳ አላወጡለትም፤ «ስም ካወጣሁለት ዓይን ያርፍበታል» አሉ።

ይኸው የዓይን ፍርሃት ጎዳቸው። በዘንድሮው የትንሣኤ ዋዜማ እንግዳ ይበዛል ብለው አውራ ዶሮአቸውን ከማድ ቤቱ ጀርባ ወስደው ቅርጫት ደፉበትና፣ ለማንም ሳይነግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የበዓሉም ዶሮ እዚያው ሌላ ቅርጫት ተደፍቶበት ነበር። የሐመልማል ባለቤት ማቲያስ «ቅርጫቱ ሥር ያለውን ባርክልን» ሲባል መጀመሪያ ያገኘውን ቅርጫት ገለጠ፤ በስመ አብ ብሎ አረደው። ወንድሜ ሲመለሱ ያዩት ላባውን ነው። ወይኔ ወንድሜን! ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ጾሙ ሲፈታ ማቲያስ ማዕዱ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። አቶ ስለሺ እጃቸውን ዘርግተው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና «ቀና በል ልጄ፤ ሰው ህልሙን የሚያጎርሰው ለሚወደው ነው» ብለው አጎረሱት። ቤቱ ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ። በዚያው ሰሞን ከአውራ ዶሮው ጋር የነበሩት ቄቦች የጣሏቸውን እንቁላሎች ለቃቅመው አንዲት ገብስማ ዶሮ አስታቀፉ፤ ማቲያስንም ጠባቂዋ አደረጉት።

አቶ ስለሺ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እስከ መጨረሻው ቀን ሊጠይቃቸው ለገባ ሁሉ «ዶሮዋ ፈልፍላ ተነሣች ወይ?» ይሉ ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ግንቦት 7 ቀን በቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሳለች፣ ልጆቻቸው ሐመልማልና ኖህ፣ እንደ ልጅ የሚወዱት ማቲያስ እና እኔ እህታቸው ከሐዘን ጋር ቀርተናል። የቁስቋሟ እናት ከስደት ያረፈችበትን ዕረፍት ለወንድሜ ነፍስ ትለምንላቸው፤ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ ታኑርልን። አሜን።

ከቀብር መልስ ወደ ቤት ለምትመጡ ወዳጆች አንድ ልመና አለን። ድንኳኑ የተተከለው በአንድ በኩል ክፍት ቦታ ተትቶ ነው፤ ዶሮዋ እዚያ እንዳቀፈች ናት፤ እባካችሁ በዚያ በኩል ስታልፉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ማቲያስንም ከለቀስተኛው መካከል ብታጡት አትቀየሙት፤ እሱ እሷ ዘንድ ነው።