ሬዲዮ ተብሎ ስለታሸገው የሻጋታ መርዝ መለያ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ አብተው፣ የእህል መጋዘናችን ሥራ አስኪያጅ
ናዝሬት፣ ጥር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉበትዎ እንደምን አለ? የሠራተኛው ሁሉ ጉበት የሚያሳስበኝ ሰው የእርስዎን ሳልጠይቅ ባልፍ ነውር መስሎኝ ነው። እኔ የመጋዘኑ እህል መርማሪ ዘገዬ፣ ከብቸኝነት በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ሂስ ያለው በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ይለጥፍ ብለው ስለፈቀዱልን እያመሰገንኩ፣ ይህችን ለጥፌያለሁ።

አንደኛ፤ ከቼኮዝሎቫኪያ በእርዳታ የመጣውን መሣሪያ ከአቧራም ከእኔም ስለጠበቁት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የተፈጨ እህል በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ በጠለለው ፈሳሽ ውስጥ ሁለት ሽቦ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ ዓይን የማያየው፣ ጉበት የሚበላው የሻጋታ መርዝ ካለ የመሣሪያው መርፌ ከፍ ይላል። ሥራው ይኸው ነው። ሆኖም ንብረት ክፍላችን ሳጥኑን ከፍቶ መርፌና ሽቦ ቢያይ “የመገናኛ ሬዲዮ” ብሎ መዘገበው፤ እርስዎም ከበላይ ፈቃድ እስኪመጣ ብለው በሰም አሳሸጉት። ሬዲዮ አለመሆኑን ለማስረዳት አምስት ማመልከቻ ጻፍኩ። አምስተኛው “ይህ ሰው ሬዲዮውን ለምን እንዲህ ፈለገው?” የሚል በዳሩ ተጽፎበት ተመለሰልኝ።

ሁለተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ስላገኘሁት ጸጥታ አመሰግናለሁ። ምሳ ቤት ስገባ ወንበር አላጣም፤ ጠረጴዛው በሙሉ የእኔ ነው። የሚዛን ሠራተኛው ገርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ አብረን የተጫወትን ወዳጄ ነው፤ ጠዋት “አካም ቡልቴ” ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቀኝ ሚዛኑን አይነካም ነበር። አሁን ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። አልፈርድበትም፤ የስድስት ልጆች አባት ነው። ዳማውን ብቻዬን እጫወታለሁ፤ በሁለቱም ወገን የምሸነፈው እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ሂስ ሳይሆን ልመና ነው። መጋዘን ቁጥር ሦስት ያለውን የመቂ በቆሎ ከአውድማ ሳይነሳ ዝናብ መትቶታል። እርስዎ በወንፊት አስነፍተው፣ ፀሐይ አስመትተው፣ ንጹሕ ነው ብለው ፈረሙበትና በታኅሣሥ መጀመሪያ ለሠራተኛው ታደለ። ወንፊት ሻጋታውን ያራግፍ ይሆናል እንጂ መርዙን አያወጣም፤ እሳትም አይጨርሰውም። የገርባ ዶሮዎች ያን በቆሎ በልተው በሳምንቱ አለቁ። እርስዎም ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው ብለው አጽናኑት። ሊሆን ይችላል፤ መርዝ ነው ብዬ አልምልም፣ የምምልበት መሣሪያ በሰም ታሽጓል። የገርባ ልጆች ግን ዛሬም የዚያን በቆሎ ቂጣ እየበሉ ነው። ልነግረው ሁለት ጊዜ ደጁ ሄድኩ፤ በሩ አልተከፈተልኝም። ልጆቹ ውስጥ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ይህንንም በግለ ሂስ መልክ ይያዙልኝ።

ስለዚህ ሳጥኑ ለአንድ ቀን ብቻ እንዲከፈት በትሕትና እጠይቃለሁ። ከጠረጠሩኝ ዘበኛ አጠገቤ ያስቀምጡ። እንዲያውም ቢያስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ከሰው ጋር ከተቀመጥኩ ሦስት ወር አልፎኛል።

በታሸገው ሳጥን ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
በሰው ሹክሹክታ ባለ ሬዲዮ፣ በደመወዝ ዝርዝር ላይ ግን እስከ ዛሬ እህል መርማሪ የሆንኩት ታዛዥዎ
ዘገዬ ወልደአማኑኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ ድርሻ የነበረው የቁጥር ሦስት በቆሎ ታኅሣሥ 21 ቀን ከቤትዎ ተመልሶ፣ በምትኩ ከቁጥር አንድ ስንዴ እንደወጣልዎ የመጋዘኑ መዝገብ ያሳያል፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ይቅር፤ መርዙን የሚለይ አግኝተናል።

ገርባ፣ ይህን ጋዜጣ ጠዋት ጠዋት ቆመህ እንደምታነብ አውቃለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለአንተ ነው። ሰላም አትበለኝ፤ በቆሎውን ብቻ አውጥተህ ድፋው።