አንድ ግስ ለእትዬ ድገሙት

በአክብሮት ተሸፍኖ የሚነገር ሐሰት፣ ሰዋስዉ ቢሰምርም፣ ሐሰትነቱን አይተውም። የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲና አዘጋጅ የነበሩት የታላቅ እኅታችን ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው፣ ተማሪዎቹ «አራት ነጥብ» የሚሉት የሰዋስው መምህር ነው፤ እንደ ሥርዓቱም ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ይናገራል።

እኅታችን ከማመልከቻ ጸሐፊው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን እናታቸው ማክሰኞ፣ አባታቸው ሐሙስ ይሉት ነበር፤ ሁለቱም ምስክር ነበራቸው። ወንድማቸው የትኛውን ማመን እንዳለበት እስከ ዛሬ አልተረዳም።

አባታቸው ከፍርድ ቤት በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው የሰው አቤቱታ ይጽፉ ስለ ነበር፣ እኅታችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው እያዳመጡ አደጉ። ባል ስለ ሚስቱ፣ ሚስትም ስለ ባሏ የተናገሩትን ቤት ሲገቡ በየድምፃቸው ለእናታቸው ያሰሙ ነበር። እናታቸው «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ጥፋተኛው የትኛቸው ነው?» ሲሏቸው፣ «እንጃ እማዬ፤ ሁለቱም ሲያወሩ ልክ ናቸው» ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ የጽሕፈት መኪና ተምረው፣ በሃያ ዓመታቸው በቴሌቪዥን ጣቢያው በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ሌሎች የደረሱትን ድራማ መገልበጥ ነበር። በሦስተኛው ዓመት፣ አንዲት ምራት ለአማቷ የምትሰጠውን መልስ ሲገለብጡ፣ የምራት አነጋገር አልመስል ቢላቸው በራሳቸው ሥልጣን ለወጡት። የክፍሉ ኃላፊ አስጠርተው «ይኼን የጻፈው ማነው?» ቢሏቸው፣ «መኪናው ነው ጌታዬ፤ አንዳንዴ ያመልጠዋል» አሉ። ኃላፊውም «እንግዲያው ደጋግሞ ያምልጠው» ብለው ወደ ደራሲያን ክፍል አዛወሯቸው። ጥፋት እንዲህ ሲሾም ማየት ወንድማቸውን ግራ አጋባው፤ ዛሬም አልተፈታለትም።

በሠላሳ ዓመታቸው የጣቢያውን ድምፅ ቀጂ አገቡ። ቀለበቱ ከሙሽራው እጅ አምልጦ ሲንከባለል ሙሽራዪቱ በቀረጻ ሥራ ልማድ «ድገሙት!» ብለው ስለ ጮኹ፣ «እትዬ ድገሙት» የሚለው ስም በዚያው ጸናባቸው። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው፣ በአንድ ደረጃ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ጎረቤቶች የሚተርከውን «ሦስተኛው ፎቅ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ መጻፍና ማዘጋጀት ጀመሩ። ድራማው ዘጠኝ ዓመት ታየ። በድራማው ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ የሞተ ዕለት፣ የሠፈሩ ሰዎች እኅታችንን ሊያጽናኑ ቤታቸው ድረስ መጡ። ሰዓት ጠጋኙን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይም አብሯቸው መጥቶ «እግዜር ያጽናሽ እትዬ» ሲላቸው፣ የሳቀም ያለቀሰም ነበረ።

እያንዳንዱ ክፍል ከመቀረጹ በፊት ለወንድማቸው ይቀርብ ነበር። እርሱም «ሀ»ን ከ«ሐ» ይለይ ነበር፤ በዚህ ሳይወሰን ንግግሩንም ያቃና ነበር። አንድ ተዋናይ «እሺ በቃ» የሚለው ተሰርዞ «ይሁን፤ ይበቃል» ተብሎ ቢያገኘው፣ «እትዬ፣ ይኼን ለማለት እኮ ካባ ያስፈልገኛል!» አለ። እኅታችን ስቀው የቀድሞውን መለሱለት። ከወንድማቸው እርማት ለተመልካች የደረሰ ነገር ቢኖር የፊደሉ ብቻ ነው፤ ፊደል ደግሞ በቴሌቪዥን አይሰማም።

በሰባተኛው ዓመት ድራማው ተሸለመ። አንድ ጋዜጠኛ ቤታቸው ሲመጣ እርሳቸው ቀረጻ ላይ ስለ ነበሩ፣ በሩን የከፈተለት ወንድማቸው ነበር። «ድራማውን የሚጽፈው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «እዚህ ቤት ያሉት ናቸው የሚጽፉት» ሲል መለሰ። «ናቸው» ለአንድ የተከበረ ሰውም ለብዙዎችም ይሆናል። ጋዜጠኛው ብዙ ቁጥር መሰለውና «እኅትና ወንድም ደራሲያን» ብሎ አወጣ። ጣቢያውም ጋዜጣውን አምኖ በድራማው መክፈቻ ላይ የወንድማቸውን ስም ጨመረ። በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቹ ከመቀመጫቸው ተነሡለት። በአንድ ቃል ሊያርመው ሲችል ዝም አለ። መልሱን ሲሰጥ በልቡ አክብሮት ብቻ ነበረ ወይስ ሌላ ነገር፣ ደጋግሞ ቢመረምርም አላወቀውም። ዝምታው ግን ሁለት ትርጓሜ የለውም።

እኅታችን «አንተ፣ ሰውዬውን ምን አልከው?» አሉት።

«‹ናቸው› አልኩት። አንቱ ማለቴ ነው፤ ታላቄ አይደለሽ እንዴ?»

«አክብረህ ቀበርከኝ በለኛ!» አሉ። ይቀልዱ ይሆን ይዘኑ አልለየለትም። ለባለቤታቸው ግን «ወንድሜን በአደባባይ ውሸታም አላሰኝም» ብለው ነገሩን ተዉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ የጣቢያው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ድራማው በሁለት ጎረቤቶች ሠርግ እንዲዘጋ አዘዙ። እኅታችን «እነዚህ ሁለቱ ዛሬ ቢጋቡ ነገ ፍርድ ቤት ደጅ ናቸው፤ አልጽፍም» ቢሉ፣ ሥራ አስኪያጁ «እንግዲያው ሌላው ደራሲ ይጽፉታል» አሉ። ሌላው ደራሲም ጻፈ። እንደ መጽሐፍ የሚናገሩ ጎረቤቶችን ተመልካች አላወቃቸውም፤ ድራማው ከሦስት ክፍል በኋላ ተቋረጠ። እኅታችን ወደ ጣቢያው አልተመለሱም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ማሠልጠኛ የጽሕፈት ሥራ አስተማሩ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። አልጋ ላይ ሳሉ ወንድማቸውን ጠርተው፣ «የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው፤ ሌላ ሰው ፊደል ይገድፋል። ግን አንድ ግስ ላይ አንቱታህን ተውልኝ» አሉት።

«እትዬ፣ ታላቄን በሕዝብ ፊት አንቺ ልበል? ባለጌ አይሉኝም?»

«ቢሉህስ! እኔን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰው ሲሉኝ ኖረው የለ?»

ማክበር የቱ ነው፣ ማዋረድስ የቱ ነው? ያጠናው ሰዋስው ለዚህ መልስ አላገኘለትም።

ባለፈው ረቡዕ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የሁለቱንም ወገን ቃል የሚሰማ ፈራጅ የእርሳቸውን ቃል እስከ መጨረሻው ያድምጥላቸው፤ ነፍሳቸውንም ሁከት በሌለበት ያኑርልን።

ወንድማቸውን በተመለከተ፦ ስሙ ከድራማው መክፈቻ እንዲፋቅ ባለቤታቸውና ልጃቸው ለጣቢያው ጽፈዋል፤ እርሱም ፈርሞበታል። ከቤተሰቡ ወንበር ተነሥቶ ይህን ጽሑፍ ቆሞ እንዲያነብም ፈርደውበታል። ግሱን እንደ ታዘዘው እነሆ አርሟል፦ «ሦስተኛው ፎቅ»ን፣ ከተበላሹት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች በቀር፣ እኅቴ ብቻዋን ጻፈች።