በመኪና መስኮት የሰጠሁት ጉርሻ

ሐሙስ፣ ጁን 5 — ማታ

ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባለው ሰፈር። ልጄን ሶስናን ከዋና ትምህርቷ ወሰድኩ። ፀጉሯ እርጥብ፣ ሆዷ ባዶ። እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ፣ ዶሮና ቺፕስ በአፑ አዘዝኩ። ከዶሮ ቤቱ ፊት፣ ትዕዛዝ መቀበያው ፒክአፕ ቁጥር 3 ላይ ቆምኩ። ዝናብ። እዚያ ከመኪና አይወረድም። ደርሻለሁ የሚለውን ስትጫነው አንድ ሠራተኛ ከረጢቱን ይዞ ይወጣል፤ መስኮት ከፍተህ ትቀበላለህ፣ ትሄዳለህ። ሁለት ደቂቃ።

ዛሬ የወጣችው አዲስ ናት። ትልቅ ሴት፣ ስልሳ አምስት ይሆናታል። ቢጫ ሰደርያ፣ ኮፍያ። ከረጢቱን ዝናብ እንዳይነካው ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ቤቲ? አለች። በአፑ ላይ ስሜ ቤቲ ነው፤ ብርቱካን ማለት ያቅታቸዋል። የስ አልኩ። ያኔ ቀና አለች፣ መብራቱ ፊቷ ላይ ወደቀ።

እትዬ ሮማን።

አየህ ደብተሬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎም ስማቸውን ስጽፍ እጄ ራሱ አንቱ ይላቸዋል።

ከረጢቱን ተቀብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። አምስት ዶላር። ለምን? እንጃ። እዚህ አገር ለዚህ ቲፕ የሚሰጥ የለም፤ እኔም ሰጥቼ አላውቅም። በመስኮቱ ዘረጋሁላቸው። ብሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ተቀበሉ። ታንክ ዩ ዳርሊንግ ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ። አላወቁኝም።

ሴንት አልባንስ፣ ቤታችን እስክንደርስ ከረጢቱን አልነካሁም። ሶስና ቺፕሱን ብቻዋን ጨረሰችው።

ዓርብ፣ ጁን 6 — ከሥራ በፊት፣ መኪና ውስጥ

የምደግፋቸው አካል ጉዳተኛ ሰውዬ ገና አልተነሱም። በራቸው ፊት መኪናዬን አቁሜያለሁ። ሃያ ደቂቃ አለኝ፤ ልንገርህ።

ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የእትዬ ሮማን የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ፣ ገርጂ። ሰፊ ግቢ፣ ሁለት መኪና፣ እንግዳ የማያጣ ሳሎን። ክፉ ነበሩ ብዬ ብጽፍ ኃጢአት ሆኖ ይቆጠርብኛል። መትተውኝ አያውቁም። የማታ ት/ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ደብተርና እስክሪብቶ የገዙልኝም። ዕቃ አያያዝ፣ ሰው አቀባበል፣ ሁሉን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ግን አንድ እሑድ አለ። እንግዳ ልሸኝ ወጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት ሰውዬው አስር ብር እጄ ላይ ሸጎጡልኝ። እትዬ ከበረንዳ አዩ። እኔንም ጠሩኝ፣ እንግዳውንም መለሱ። "መልሺላቸው" አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ቀጥለው ለእንግዳው፣ በቤቴ ምን ጎድሎባት ነው፣ እጅ መዘርጋት ማን አስተማራት አሉ። እጄን አልዘረጋሁም ነበር። መለስኩ። ሰውዬው አፍረው ወሰዱ። የእትዬ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ባየኝ ቁጥር እጁን እየዘረጋ ሳቀብኝ።

በዚያው ዓመት ሳልሰናበት ወጣሁ።

ይህንን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ ለተስፋዬም። ትናንት የአምስቱን ዶላር ነገር ከሶስና ሰምቶ ሳቀብኝ። አገሩ አሜሪካ አይደለም፣ ደመወዛቸው በሕግ የታወቀ ነው፣ ቲፕ ማስለመድ ሠራተኛውንም ይጎዳል አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ግን እኔ የሰጠሁት ቲፕ ነበር? ሰዓቴ ደረሰ።

ሐሙስ፣ ጁን 12 — ማታ

እንደገና ሄድኩ። ሶስና ፒዛ አምሯት ነበር። ዶሮ ነው አልኳት፣ አለቀ።

ዛሬ አስር ዶላር። ቀድሜ አጥፌ፣ ከመሪው ጋር ይዤ ጠበቅሁ። ወጡ። ከረጢቱን ተቀበልኩ፣ ብሩን ዘረጋሁ። ኖ ኖ፣ ቱ መች አሉ። ፕሊስ አልኩ። ሁለት አማርኛ ተናጋሪ በዝናብ መሃል በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እጄን አላራቅሁላቸውም፤ ለመውሰድ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ማለት ነበረባቸው።

ጎንበስ አሉ።

ሶስና ከኋላ፦ "ማም፣ ኖባዲ ዳዝ ዛት ሂር!" እዚህ አገር ማንም እንዲህ አያደርግም ማለቷ ነው። አፍራብኛለች። ዝም በዪ አልኳት፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። መስኮቱ ገና አልተዘጋም ነበር። ሰምተው ይሆን?

አንተን አልዋሽህም። ጎንበስ ሲሉ ደስ አለኝ። ጮማ እንደቆረጠ ሰው ጣፈጠኝ። መንገዱን ሙሉ ፈገግ እያልኩ ነዳሁ። ቤት ስደርስ ግን ዶሮውን ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሥራ ስምንት ዓመት ጸልዬ፣ አገልግዬ፣ የሰው በሽተኛ አጥቤ፣ የአንዲት እናት ወገብ ሲጎብጥ አይቼ የምደሰት?

እሑድ፣ ጁን 15 — ከሰዓት

ቤ/ክ ነበርን። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይዘምራል። እኔ የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። አልወጣ አለኝ።

ሶስና ከጓደኞቿ ጋር ቀረች። እኔና ተስፋዬ በርበሬ ልንገዛ የአበሻ ሱቆች ወዳሉበት ዌስት ፉትስክሬይ ሄድን። ሱቁ በር ላይ ሁሉን ነገርኩት፤ ገርጂውን፣ አስር ብሩን፣ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ። አልሳቀም። ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ፣ ለሳቸው ከሆነ የምትሰጪው ስምሽን ነግረሽ ስጪ፣ ለራስሽ ከሆነ ግን ተዪው አለኝ።

ተናደድኩ። አንተ የሰው ቤት ሠርተህ አታውቅም አልኩት። አዎ፣ አላውቅም አለ በቀስታ። ይበልጥ ያናደደኝ ያ ነው።

በርበሬውን ሳንገዛ ተመለስን።

ሐሙስ፣ ጁን 19 — ማታ

የሉም።

ከረጢቱን ያመጣችው ወጣት ሴት ናት። ዛሬ ምንም ብር አላዘጋጀሁም ነበር፤ ስሜን ልነግራቸው ነበር የመጣሁት፣ ማለቴ፣ እንደዚያ ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ትልቋ ሴትዮ የት አሉ? አልኳት። ልጅቷ ዞር ብላ ወደ በሩ አየች፣ ድምፅዋን ቀነሰች። ከሮስተሩ፣ ከሥራ ፈረቃ ዝርዝሩ፣ አውጥተዋቸዋል አለችኝ። ከመኪና ገንዘብ ተቀብለው ኪሳቸው ሲከቱ በካሜራ ታዩ። እዚያ ቤት ደንቡ ቲፕ ሁሉ ካውንተሩ ላይ ካለው ሳጥን ገብቶ ለሁሉም ይካፈላል ነው። ማን ሰጠሽ ቢባሉ አልተናገሩም።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። "ኦ" አልኩ። መስኮቱን ዘጋሁ።

ሶስና በመስታወቱ እያየችኝ ነበር። ምነው በተናገረች።

ዓርብ፣ ጁን 20 — ምሳ ሰዓት

በሁለቱ ደንበኞቼ መሃል ክፍት ሰዓት ነበረኝ። ነድቼ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሳጥኑ እውነትም ካውንተሩ ላይ አለ፤ የሚያሳይ መስታወት፣ ጥቂት ሳንቲም። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያየውም።

ማናጀሯ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ቲፑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እንቢ ሲሉ አስገድጄ ነው አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። እትዬን ትወዳቸዋለች። በሁለት አውቶብስ ይመጣሉ፣ አርፍደው አያውቁም፣ ማንም ሳያዝዛቸው ጠረጴዛ ይወለውላሉ አለች። ብሩን ሳጥኑ ውስጥ ይክተቱና ነገሩ ይለቅ ብላቸው ኖሮ፣ ኖ ብቻ አሉ። ያ ነው ያከበደው። ያልሽውን ጻፊልኝ፣ ለምግብ ቤቱ ባለቤት አሳየዋለሁ አለችኝ።

ቆሜ ጻፍኩ። መጀመሪያ፣ ደንበኛ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። ሰረዝኩት። አውቃቸዋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ገጹ ሞላ። ስፈርም ቤቲ አላልኩም።

ሐሙስ፣ ጁን 26 — ማታ

ተመልሰዋል። ተመስገን።

ቁጥር 3 ላይ አልቆምኩም። ሩቅ አቁሜ፣ ሶስናን መኪና ውስጥ ጠብቂኝ ብዬ ወረድኩ። ማናጀሯ አየችኝና ወደ ጎን በሩ ጠቆመችኝ። ዕረፍታቸው ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ስር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል።

"እትዬ፣ ብርቱካን ነኝ" አልኩ። ልነሳ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ ከለከልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁሽ።"

"እንዴት?"

"ከረጢቱን በሁለት እጅሽ ተቀበልሽ። እዚህ አገር እንደዚያ የሚቀበል የለም። አየሁና፣ ይቺስ የእኔዋ ናት አልኩ።"

እንዲህ እንደምቀበል አላውቅም ነበር።

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ላትፈልጊኝ ትችያለሽ ብዬ ፈራሁ አሉ። ብሩንስ ለምን ሳጥኑ ውስጥ አልከተቱትም፣ ሥራዎ ሊሄድ ነበር እኮ አልኩ። አዩኝ፣ የማይገባ ነገር እንደጠየቅሁ።

"ከአንቺ ነዋ። ያሳደግኳት ልጅ በልታ ጠግባ፣ ለእኔ ተርፋ የሰጠችኝ ነው። እሱን ከማን ጋር ነው የምካፈለው?"

ደብተሬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደግ ነበር።

ከዚያ ጠየቅኳቸው። መጠየቅ ነበረብኝ። ያን እሑድ፣ እንግዳውን፣ አስር ብሩን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ብዙ አሰቡ። እኔ ያን እሑድ ፊታቸው ላይ እፈልጋለሁ። የለም። ውስጣቸው የለም።

"አላስታውሰውም ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ግን አላደረግሁትም አልልሽም። የማደርገው ዓይነት ነገር ነው።"

አሥራ ስምንት ዓመት ተሸክሜው፣ እሳቸው ዘንድ ግን ኖሮም አያውቅ። ላለቅስ አልኩ፣ አልመጣም። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ፣ የዘይት ሽታ ያለው። ይቅርታ አላሉም። ምን ብለው? የማያስታውሱትን? ይልቅ ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤቱ የልጄ ነው፣ እሱም ያይሻል አሉ። ልጃቸው፤ ያ እጁን እየዘረጋ የሳቀብኝ። ወዲያው ከውስጥ ተጠሩ። ኮፍያቸውን አድርገው ገቡ።

መኪና ውስጥ ሶስና፣ "ሁ ኢዝ ሺ?" አለች።

ዘመድ ናቸው አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጁን 28 — ጠዋት

ፀሐይ ወጥቷል፣ ብርዱ ግን እንዳለ ነው። ከነጋ ጀምሮ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነኝ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳመላልሰው ዋልኩ። ባልሄድስ? ማንም አይጠይቀኝም። ሌላ ዶሮ ቤት ሞልቷል። እሳቸውም ያቺን ልጅ በክብር ይዘዋት ይኖራሉ፤ በልታ ጠግባ ለአሳዳጊዋ የሰጠችውን። ግን ያቺ ልጅ እኔ አይደለሁም። ወይም ገና አልሆንኩም። ብሩን የሰጠሁት እንዲያጎነብሱልኝ ነው። ይህንን ሳልነግራቸው የቤታቸውን ሻይ ብጠጣ አይወርድልኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ እሄዳለሁ። እነግራቸዋለሁም። ሊቀየሙኝ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። ልጃቸውም ካለ፣ እሱም ይስማ።

ከዚያ በፊት ግን ሶስና አለች። ለልጄ በሕይወቷ ሁሉ፣ አዲስ አበባ ከአክስት ጋር አደግሁ ብያታለሁ። ት/ቤት የቤተሰብ ታሪክ ጻፊ ባሏት ጊዜ እንኳ አክስት ብዬ አጻፍኳት። ምን አሳፈረኝ? ሠርቼ በላሁ እንጂ አልሰረቅሁ። ዛሬ እዚያ ቤት ስንገባ እትዬ ሠራተኛዬ ነበረች ቢሉ፣ ልጄ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባትም።

ተነስታለች። ወተት ከፍሪጅ ስታወጣ እሰማለሁ። ተስፋዬ፣ ልውጣላችሁ ወይ አለኝ፤ የለም፣ አብረኸን ሁን አልኩት። ሶሲ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለኝ ብያታለሁ። ኦኬ ማም፣ መጣሁ አለች፣ ግማሹን በአማርኛ። ሳህኗን ይዛ እየመጣች ነው። የምጀምረው ገርጂ ከደረስኩበት ጠዋት ነው፣ አሥራ አራት ዓመቴ፣ ፌስታል በእጄ፣ ያንን ትልቅ የብረት በር ለማንኳኳት ፈርቼ ከቆምኩበት።