የታሸገው እርምጃዬ

ኩታይሲ፣ ማክሰኞ፣ ማርች 2፣ 1976

ዝናብ። ጫማዬ አልደረቀም። ነገ ቼዝ ከላማራ ጋር ነው፤ ያሸነፈች ለዋናው ውድድር ትብሊሲ ትሄዳለች። አምናም እንዲሁ ነበር... ጨዋታችን ተቋርጦ አደረ፤ በማግስቱ ምንም ሳታስብ፣ ሻይዋን እያማሰለች ለእርምጃዬ መልስ ሰጠች። ዕቅዴን የምናውቀው እኔና አሠልጣኜ ጋሼ ኢራክሊ ብቻ ነበርን። "ዕድለኛ ናት" አሉኝ ጋሼ። ዕድል ሻይ እያማሰለ ይመጣል?

ረቡዕ፣ ማርች 3

የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት አስወጣሁ። ቀጥዬ የጎኑን ወታደር ለመብል አቀረብኩላት። አልበላችም። አምስት ሰዓት ሙሉ ተገፋፋን፤ አልጨረስንም። እንደ ደንቡ አርባ ሁለተኛውን እርምጃዬን ላማራ ሳታየው ጽፌ ፖስታ ውስጥ አሸግኩ፤ ዳኛው ወሰዱት። አርብ ይከፈታል።

ጋሼ ኢራክሊ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ።

"ምን ጻፍሽ፣ ልጄ?"

ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ።

"ጺውሪ! ካላወቅሁ እንዴት ልርዳሽ?"

"ግንቤን ወደ ዳር።"

ዋሸኋቸው። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። የጻፍኩት ሌላ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 4

ጋሼ ቤት መጡ። ስለ ግንቡ አሥራ አንድ ገጽ ጽፈው... ዓይናቸው ቀልቷል። "በይ፣ አንድ በአንድ እንየው።" እንዲህ የሚደክም ሰው ይከዳል? ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እናቴ የአይብ ዳቦውን እያቀረበች "ብሉ እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው!" አለች። አፌን ዘጋሁ። ራሴን ጠላሁት።

አርብ፣ ማርች 5

ዳኛው ፖስታውን ቀደዱ። የመሐሉን ወታደር አንድ ቤት ገፉልኝ።

ላማራ ሰሌዳውን አላየችም። ዞር ብላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠውን ኢራክሊን አየችው። "ግንቡስ?" አለች፣ ሳታስበው።

ግንቡን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

አርባ ደቂቃ አሰበች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ሃምሳ ስምንተኛው እርምጃ ላይ እጅ ሰጠች።

ኢራክሊ ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ። "ዋሸሽኝ!" አለ። እሱ ተቆጥቶ! "የላማራ አጎት የስፖርት ኃላፊ ነው፣ እንጀራዬ በእጁ ነው... አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ለከርሞ ትደርሻለሽ።"

"አምናም ለከርሞ ብለውኝ ነበር።"

አሸንፌ ጥርሴን የምነክሰው ለምንድን ነው?

እሑድ፣ ማርች 7

አሥራ አንዱን ገጽ እናቴ ምድጃ አቀጣጠለችበት። ትብሊሲ ብቻዬን ነው የምሄደው።

ጨዋታውን ከመጀመሪያው ደገምኩት። ሃያ ሦስተኛው ላይ ፈረሴን መመለስ አልነበረብኝም። ማንም አልነገረኝም። ራሴ አገኘሁት።