ከአባባ ጋር ቤተ ልሔምን ስንዞር

ሐሙስ፣ ጥር 14
እግሬ አለቀ፤ ያየነው ግን ገና ሃያ ጎጆ ነው። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ በሁለት ጎጆ መካከል አንድ ታሪክ ያወራሉ፤ በታሪኩ መካከል ደግሞ አረፍ ይላሉ። መምህራችን «ስለ አንድ ጥንታዊ ሰፈር ጽፋችሁ ኑ» ቢሉን፣ «እኔ ቤተ ልሔምን አሳይሻለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ የተመረቅሁበት አገር አይደል» ብለው ከንፋስ መውጫ ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። አገሩ ሁሉ መሪጌታ ይላቸዋል።

ሰፈሩ ግን ያምራል። የድጓ ተማሪዎቹ ጎጆዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እንደ ጫጩት ተጠጋግተዋል። አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ መደብ፣ ቅል፣ የበግ ለምድ፣ አለቀ። ከጎጃምም ከወሎም የሚመጡት ለዚህ ነው። ከየጎጆው ሌላ ሌላ ዜማ ይወጣል፤ አንዱ አንዱን አያሳስትም። እኔ ብሆን ስሜም ይጠፋኝ ነበር።

ዓርብ
ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ቤት ነው። ሲገቡ ሌላ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ቆሟል። ቤት ቤትን ለብሶ። የበሩን እንጨት አፈላፈል የጃንሆይ ሥዕል ያለበት ደብተሬ ላይ ልስለው ብዬ ሦስት ገጽ አበላሸሁ።

አንድ ነገር ታዘብኩ። ከሰፈሩ ዳር ያለው ወይራ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ እንመለሳለን። ትናንት ሁለቴ፣ ዛሬ ሦስቴ። ከወይራው ማዶ አባባን ያስተማሯቸው የኔታ ይኖራሉ፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የጠፋ።
«የኔታን አንሳለምም?»
«ጉልበቴን አሞኛል።»
ጠላ ቤት የጠራቸው ቀን ያ ጉልበት የፍየል ነው።

ቅዳሜ
ጥፋቱ የእኔ ነው። «ለጽሑፌ አንድ ዜማ ያሰሙኝ» አልኳቸው። ሲያዜሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉና ወይራውን አለፉት። ከአጥር ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፤
«ይሄ የዐቢይ ጾሙን ዜማ ሳይጨርስ የጠፋው ልጅ አይደለም?»
አባባ ቆሙ።
«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»
«ከዚያ ወዲያ ማን አስመረቀህ?»
«ማንም።»
«አገርህ ምን ብሎ ይጠራሃል?»
«መሪጌታ።»
በየኔታ ዙሪያ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳቃቸውን ለማፈን ለምዳቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔም ልስቅ ስል አባባ ጥምጣማቸውን ፈትተው በእጃቸው ያዙት።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ተማሪ ሳሉ አንድ ክረምት ረሃብ ጠናባቸውና ለሳምንት ብለው አገራቸው ገቡ። ድምፃቸው ስለሚያምር ሰው መሪጌታ አላቸው። አላረሙትም። አርባ ዓመት።

«ቁጭ በል» አሉ የኔታ። «ካቆምክበት ቀጥል።»
አባባ መሬት ላይ ተቀመጡ። ገና ከመጀመራቸው ሳቱ፤ ጢም ያላበቀለ ተማሪ አረማቸው። «እሺ» ብለው ደገሙት። አባባ ለሰው እሺ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ
አባባ አይመለሱም። እስኪመረቁ ይቆያሉ። የኔታ «ሁለታችንም ከኖርን ዓመት ይበቃሃል» ብለዋል። ባዶ ጎጆ ተሰጣቸው፤ ሲገቡ ግንባራቸውን ጉበኑ መታቸው።

ለቅዳሴ ከመጡ የንፋስ መውጫ ሰዎች ጋር እየተመለስኩ ነው፤ ይህን የምጽፈው መንገድ ላይ አረፍ ሲሉ ነው። አባባ «ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ብቻ ቀስ አድርገሽ» ብለውኛል። ቀስ አድርጎ እንዴት እንደሚባል አላወቅሁም። «አባትሽ ተማሪ ቤት ገቡ» ብላት መጀመሪያ ትስቃለች። ስቃ እስክትጨርስ ልጠብቃት ነው።