ስማቸው ሳጥኑ ላይ ያልተጻፈ ሰዎች

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ማለዳ

ዝናቡ አላባራም። የሥራ ጋውኔ አልደረቀም፤ እርጥቡን ለብሼ ጤ/ጣቢያ መሄዴ ነው። ካርድ ክፍል ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ሚኪ ከፑኝዶ አልደወለም፣ ኔትወርክ የለም ይሆናል። በርበሬ አልቋል። በር ተንኳኳ፣ በዚህ ሰዓት ማን

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ከላይ ያለው ሳይነግሩኝ የተጻፈ ነው። ገጹን ልቀደው አልኩና ተውኩት።

በማለዳ ሰው ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘሃራ ከፊት፣ የዕድር ሰዎች ከኋላ። የሚኪ ጓደኛ ኡባንግ ከሁሉም ኋላ፣ መሬት መሬት እያየ። ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ነው አሉ። ሚኪያስ። ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

ትናንት ቀበርነው። አልችልም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ድንኳኑ ፈረሰ። ወንበሩ ተመለሰ። ደብተሬ፣ ካንቺ ጋር ይቀለኛል። የሚያጽናና ሰው ያደክማል፤ እሱን ደግሞ መልሼ ማጽናናት አለብኝ።

ኡባንግ መጣ። ጌም ቤቱን ከሚኪ ጋር የከፈተው እሱ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ቁጭ አለ። ከዚያ ስለ ካሴቱ ጠየቀኝ፣ ስለዚያ አሮጌ የጌም ካሴት። ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ከሚኪ ሸሚዝ ጋር። ለምን ፈለግኸው አልኩት። ጃፓን ላለች ሴትዮ መላክ አለበት፣ ሚኪ ቃል ገብቶላታል አለኝ።

አስወጣሁት። አፈሩ ሳይደርቅ ዕቃውን ሊያወጡብኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ሥራ ገባሁ። ሰው ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ አልሰማም። ሦስቴ አስደገምኩ። አንዱ ተቆጣ፣ ሌላው ነጠላዬን አይቶ ዝም አሰኘው።

ስመለስ ኡባንግ በሬ ላይ። ዓሣ ይዞ መጥቷል። በባዶ እጅ ብመጣ አታስገቢኝም ብዬ ነው ማዘር አለ። ሳቅ ሊመጣብኝ ነበር። አስገባሁት።

ሚኪ በስልኩ ገጽ ላይ የጻፈውን አነበበልኝ። ለካ ታሪክ ሲጽፍ ነበር። የጌም ሠሪዎችን ታሪክ። እኔ ጌም ሰው የሚሠራው ነገር አይመስለኝም ነበር፤ እንዲያው ከፋብሪካ የሚወጣ ነበር የሚመስለኝ።

የሰማሁትን ልጻፍ፣ እንዳይጠፋብኝ።

አንዲት ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ትሠራ የነበረች ጃፓናዊት አገሯ ስትገባ አሮጌ ማጫወቻና አንድ ካሴት ለሚኪ ሰጠችው። ጨዋታው ጀልባ ቀዛፊ ነው። ሰው ያሻግራል። በቃ። ጥይት የለ፣ ጠላት የለ። ከተቻኮሉ ተሳፋሪው ውኃ ይገባል። ጌም ቤት የሚመጡት ሲያፌዙ፣ ይቺንስ ለቄሱ ውሰድላቸው ይሉት ነበር። እሱም በእናንተ እጅ ቢሆን የባሮን ወንዝ አንድም ሰው አይሻገርም ነበር ይላቸዋል።

አንድ ቀን የመጨረሻውን ሰው አሻግሮ፣ ማጥፋት ረስቶ ምሳ ሄደ። ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ስድስት ስም። ማንም ምንም ካልነካ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ ላይ ያለው ግን የአንድ ትልቅ ኩባንያ ስም ብቻ ነው። እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ተነሣ፣ ፍለጋ ገባ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

የቀረውን አነበበልኝ።

ስድስት ሰዎች። ትንሽ የወደብ ከተማ። የዓሣ መረብ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል። በብርድ ጊዜ ማሞቂያ የላቸውም፤ ማሽኖቹ ስለሚግሉ እነሱን ከበው ይቀመጣሉ። ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ይሠራሉ፣ ትልልቆቹ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። ውሉ እንደዚያ ነው። ስማችሁን እንዳታወጡ። የቀዛፊውን ጌም የሠሩት ግን ከልባቸው ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን ውስጡ ደበቁት። ጌሙን ሰው አልገዛውም። ክፍሉ ተዘጋ። አንዱ ታክሲ ነዳ፣ አንዱ ወደ ዓሣ ተመለሰ። ሙዚቃውን የሠራችው ሴት ፒያኖ አስተማረች። ሚኪ ያገኘው እሷን ነው፤ ካሴቱን እልክልሻለሁ ያላትም እሷን። ዛሬ አሮጊት ናት። የነበራትን ካሴት ጎርፍ ወስዶባታል፤ ስትፈልግ ኖራ አላገኘችም።

ልጄ ስለማያውቃቸው ሰዎች ይህን ሁሉ ደከመ። ለምን አልኩት ኡባንግን። ሠርተው ማንም ስላላወቃቸው ነዋ አለ።

ያም ሆኖ አልሰጥም። ጌሙ ሲጀምር የቀዛፊውን ስም ይጠይቃል፤ ሚኪ የራሱን ጽፎበታል። እዚያ ውስጥ ነው። እሷ ዘንድ ሲደርስ ይፈቱታል፣ ጌሙን ወደ ሌላ ይገለብጡታል፤ ሲፈታ ስሙ ሊጠፋ ይችላል። ኡባንግ ራሱ ነው የነገረኝ፣ አልደበቀኝም። በፎቶ አነሣልሻለሁ አለ። ፎቶ ምን ያደርግልኛል! ጮህኩበት። እሱ የነካውን ነው የምፈልገው።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ዘሃራ ሱቋን ዘግታ መጣች፣ አጠገቤ ቁጭ አለች። ልጅሽ ካሴት ውስጥ የለም እህቴ አለችኝ። የማይሆን ነገር መለስኩላት። ምንም አልመሰላት።

«ተቆጪኝ፣ ወላሂ ተቆጪኝ። ዝም ስትዪ ነው የምፈራው።»

ዝናብ። እንቅልፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ከሴትዮዋ መልእክት መጥቷል። ለሚኪ። አልሰማችም። ዝም አልከኝ፣ ታመህ እንዳይሆን ትለዋለች። ኡባንግ እዚህ ላይ ስልኩን ጭኑ ላይ ደፋው። ጠበቅሁት።

ከስድስቱ ታናሹ ታኬሺ ይባላል። ውኃውንና ጀልባውን የሳለው እሱ ነው። ጌሙ ሳይወጣ ሞተ። እናቱ አለች፤ በጣም አርጅታለች። ዘመዱ ሁሉ ልጅሽ መረብ ሱቅ ላይ ተቀምጦ ዕድሜውን በከንቱ ጨረሰ ሲላት ኖሯል። ሚኪ ስሙን በፎቶ ልኮላት ነበር፤ ሴትዮዋ ወስዳ አሳየቻት። እናትየው ስልኩን መለሰችላት። በስልክ የማይቀነባበር ነገር የለም አለች። ልጄ የሠራውን በእጄ ልያዘው፣ ስሙ ሲመጣ እኔው ቁጭ ብዬ ልየው።

ኡባንግ አየኝ። እኔም አየሁት። እንደገና አንብበው አልኩት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ካሴቱን ይዤ ከሥራ በቀጥታ ጌም ቤት ሄድኩ። ከሞተ ወዲህ ገብቼ አላውቅም። ልጆቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። ኡባንግ የመጨረሻውን ሰው አሻገረ፣ እጁን አነሣ። ስንጠብቅ መብራት ሄደ። እንደገና ከመጀመሪያው። አንዱ ልጅ፣ ማዘር ይህ ጌም ትዕግሥት ይጨርሳል ቢል ኡባንግ ገላመጠው።

መጣ። ፊደሉን አላውቀውም፤ ጭረት በጭረት ነው። ታኬሺ አራተኛው ነው አለ ኡባንግ፣ ከመልእክቷ ጋር አስተያይቶ። ጣቴን አስጠጋሁ። ስክሪኑ ሞቃት ነው። ሌላዋ ሴት ይህን ሳታይ ስንት ዓመት ቆየች። እኔ ገና ወር አልሞላኝም።

ሲጠፋ ካሴቱን ነቅዬ ቦርሳዬ ከተትኩ። እሽግ የሚሆን ካርቶን ፈልግልኝ አልኩት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

በሚኪ ሸሚዝ ጠቀለልኩት። ዘሃራ ወንድሟ ዕቃ ሊያመጣ አ.አ. ይሄዳል፤ ከዚያ ፖስታ ቤት ያስገባዋል። እንደ ዓይኑ ይይዘዋል አለች፤ ካልያዘው ታሳየዋለች።

ኡባንግ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ እኔ እየነገርኩት። ሞቱን እንዴት ልበል አለኝ። እንዳለ ንገራት አልኩት። ሸሚዙን እንዳትመልሺ በላት። ስሙ ቢጠፋም አልቀየምም በላት። መጀመሪያ ግን፣ ሳይፈታ፣ ለእናትየው ይሰጥ። ይህን ሁለት ጊዜ አስጻፍኩት።

እሽጉ ሲሄድ ደጅ አልወጣሁም። ድካም። ተኛሁ፣ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ዛሬ አርባው ወጣ። ጾሙም ተፈታ። ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው፤ በፍትሐቱ ላይ ሲጠሩት ሰማሁ። የዚያኛውን ልጅ ስም ጥሩልኝ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ያልተጠመቀ ነው ይሉኛል፣ እሳቸውም አይፈረድባቸውም። ኡባንግ ከውጭ ቆሞ ጠበቀኝ።

ካሴቱ ደርሷል የሚል ወሬ እስካሁን የለም።

ደብተሬ፣ አንድ ቀን ከኔ ሌላ ሰው ያነብሻል፤ እኔ ሳልኖር። ማንም ሁን፣ በየትኛውም ቤት ጸልይ፣ አስቸግርሃለሁ፦ ልጄን ወልደ ገብርኤልን ነፍሱን ይማር በልልኝ። ስትጨርስ ቶሎ አትነሣ። ታኬሺ የሚባል አለ፣ ጸሎት ላይ የሚጠራው የለም። እሱንም ጥራው።