ለአደም የትኛውን ዱአ ላድርግ

ከሚሴ፣ ጁምዓ
ኅዳር 11 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙህዲን አደም፣
ስዊድን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትህልኝ? ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። እህትህ ፋኢዛም፣ ልጆቿም ደህና ናቸው። ዘንድሮ ጨፋ በማሽላ ሞልቷል፤ ወፏ ካልፈጀችው ጎተራ የሚበቃን አይመስለኝም። ዓረፋም ደርሷል። አንተ የሌለህበትን ዓረፋ መቁጠር ከተውሁ ቆይቻለሁ።

በስልክ የሚጠየቀውን በወረቀት መጠየቄ ይገርምህ ይሆናል። አንተ ልጅ በስልክ ስትዋሽ ድምፅህ ይለሰልሳል፣ «እማ፣ እማ» ታበዛለህ። ባለፈው ከመጽሐፍህ የተሠራው ፊልም መጨረሻ ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅህ፣ «እማ፣ ፊልም እኮ ነው፣ እማ» አልህና ወደ ጉልበቴ ዞርህ። በወረቀት ግን ዋሽተህ አታውቅም። መጽሐፍህን፣ «የጨፋ ሣር»ን፣ መነጽሬን ሰክቼ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ፊደል ለዚህ ቀን ኖሯል። አንዲት ውሸት አላገኘሁበትም። እንዲያውም አንዳንዱን ብትዋሽልኝ ደስ ባለኝ ነበር። ስለዚህ በወረቀት ጠየቅሁህ፣ በወረቀት መልስልኝ።

ፊልሙ እዚህ የመጣው በጥቅምት መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ታይቶ፣ ደሴ ታይቶ፣ በስተመጨረሻ ወደ ባለቤቶቹ ደረሰ። በከተማው አዳራሽ አቡጀዲ ተወጠረ። በሩ ላይ የተለጠፈው ትልቅ ወረቀት «በእውነተኛ የሕይወት ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። እኔን ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ፤ በሰርጌ ቀን እንኳ እንዲያ አልተከበርሁም።

እኔን የሆነችው ተዋናይ ጥርሷ ነጭ፣ ጉንጯ ሙሉ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እንዲህ ያለ ጉንጭ ቢኖረኝ፣ ረቢአ ቤት እህል አለ ብሎ አገሩ ሁሉ ይመጣብኝ ነበር። ማጭዱን የያዘችበት አያያዝም ጣት የሚያስቆርጥ ነው። ወንዙም ቦርከና አይደለም፤ ቦርከና ጨፋ ላይ ሲደርስ እንዲያ አይንጫጫም፣ ይተኛል። ይህን ሁሉ ጎኔ ለተቀመጠችው ለፋኢዛ ስዘረዝርላት ነበር። ኋላ ያች ልጅ የረግረጉን ሣር አጭዳ፣ አስራ፣ ተሸክማ ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ቁጭ አለች። ግራ ቀኙን አየችና፣ ሰው አለመኖሩን ስታውቅ ሣሩን በጥፊ መታችው።

ወላሂ አፌን ዘጋሁ። ያን አድርጌያለሁ። ሣር አጭጄ ለከብት ባለቤቶች እየሸጥሁ ስናድር፣ አንድ ቀን ያንኑ ሸክም በጥፊ መትቻለሁ። አንተ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርህ፤ ከረግረጉ ዳር ተኝተህ እንቅልፍ ወስዶሃል ብዬ ነበር። እኔ የረሳሁትን አንተ ይህን ያህል ዘመን አስቀመጥህልኝ። እነዚያም የማያውቁኝ የአዲስ አበባ ሰዎች ከመጽሐፍህ ወስደው እንዲያ አድርገው ሠሩት። እጃችሁ ይባረክ። ስለ እኔ የተነገረ ነገር ሰምቼ ስኮራ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የከፋት ፋኢዛ ናት። ያኔ ጀርባዬ ላይ የታዘለች ጨቅላ ነበረች፤ በፊልሙ ግን ጀርባዬ ባዶ ነው። «እማ፣ እኔ የት ሄድሁ?» አለችኝ በጨለማው። «ዝም በይ፣ ኋላ ትመጫለሽ» አልኋት። እስከ መጨረሻው ሳትመጣ ቀረች። አሁንም አኩርፋለች፤ ለሷ ለብቻዋ ደውልላት።

ከዚያ የአባትህ ነገር መጣ። አንተ በመጽሐፍህ «አባቴ አደም የቀሩንን ሁለት ላሞች ነዳ፤ ሽጦ እህል ሊያመጣ ወደ ባቲ ወረደ። አልተመለሰም። ሞቶ ይሁን ትቶን ይሁን አናውቅም» ነው ያልኸው። እውነት ነው። አሰብ ወደብ ታየ ያሉ ነበሩ፣ የመን ተሻገረ ያሉ ነበሩ፤ ማንም ግን በዓይኔ አየሁት አላለም። በፊልሙ ውስጥ ግን አደም ላሞቹን ሸጠ፣ ማሽላ ገዛ፣ በአህያ ጭኖ ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ። መንገድ ላይ በሽታ ጣለው። አንድ መንገደኛ አቀፈው፤ አደም እህሉን አደራ ሰጠው፤ ሸሃዳውን ያዘና ሞተ። እህሉም ቤት ደረሰ። እኔን የሆነችው ልጅ ጆንያውን አቅፋ አለቀሰች። አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ።

መብራቱ ሲበራ ክርክር ተነሣ። የአማርኛ መምህሩ ጣሃ ብድግ አለና፣ «መጽሐፉ ግለ ታሪክ ነው፤ ሰውየው ስለ ራሱ የጻፈው። ፊልሙ ግን የሕይወት ታሪክ ሊባል አይችልም። ያልሆነ ነገር ገብቶበታል፤ ልብ ወለድ ነው» አለ። ፈይሰል የሚሉት ባለ ባጃጅ ደግሞ፣ «ቲቸር፣ ስሙ ሙህዲን ነው፣ ቀየው ጨፋ ነው፣ እናትየው ይቺው ከፊትህ ተቀምጣለች። ሌላ ምን ይሁንልህ?» አለው። ጣሃ፣ «ታዲያ በሕይወት ያለችውን ፋኢዛን ሰርዘው፣ የጠፋውን አደምን የገደሉት በምን ሥልጣን ነው?» አለ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ «ኩን ዱጋ ሞ ሶባ?» አሉ፤ «ይሄ እውነት ነው ውሸት? እሱን ንገሩንና ወደ ቤታችን እንሂድ።» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ሣሩ እውነት ነው» አልሁና ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በር ብከፍት ቅሬው፣ እድርተኛው ሁሉ፣ ግቢዬ ውስጥ ነው። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሴቶቹ ምግብ ይዘው ይገባሉ። ከፊት ጎረቤታችን ዘይቱና ናት፣ ዓይኗ አብጧል። «ረቢአ፣ ምን በደልንሽ?» አለችኝ። «አደም መንገድ ላይ መሞቱን እያወቅሽ ይህን ሁሉ ዘመን ቅሬውን ትደብቂው?» ማን ነገረሽ ብላት፣ «የገዛ ልጁ ነዋ! ልጅ በአባቱ ሞት ይዋሻል?» አለች። አየህ፣ አባትህ እስከ ዛሬ የቅሬው አባል ነው። ስሙን ሰርዙ ለማለት አንድ ቀን አፌ አልደፈረም። አባል ሲሞት ደግሞ ቅሬው ይወጣል፤ ደንቡ ነው። ፊልም አይቶ ለቅሶ የደረሰ ቅሬ ግን ከእኛ በቀር በየትም ያለ አይመስለኝም።

አልሞተም እንዳልላቸው አላውቅም። ሞቷል እንዳልላቸውም አላውቅም። ከመካከላቸው ተቀመጥሁ፣ እነሱም አብሽሪ፣ አብሽሪ እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር። ሸህ አብዱልጀባር ዱአ ሊያደርጉ ተጠርተው መጡና፣ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት፣ «ሲሞት ያየው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሁላችንም» አለች ዘይቱና።

ሸሁ ሳቃቸውን ጺማቸው ውስጥ ደበቁት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «መጽሐፉ የልጁ ቃል ነው። ያየውን አየሁ ብሏል፣ ያላወቀውን አላወቅሁም ብሏል። ፊልሙን የሠሩት ከሱ ቃል የተነሡ፣ ያላዩ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ሥራ ነው፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን በሱ ሰው ሞተ አይባልም። ልጁን ጠይቁት። ከመጽሐፉ በኋላ የሰማው ነገር እንዳለ ይጻፍ። ማሽላው እስኪወቃ እንጠብቃለን፤ ሞቶ ከሆነ ሰደቃውን በወጉ እናወጣለታለን።» ቅሬው የመጣውን ምግብ በልቶ ተበተነ። ምንጣፎቹን ግን አልወሰዷቸውም። ተጠቅልለው ከበሩ ጥግ ቆመዋል፤ ስገባም ስወጣም አያቸዋለሁ።

ልጄ፣ እኔ የጠየቅሁህ ለቅሬው ብዬ አይደለም። አባትህ ባቲ ከወረደ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ እጄን ዘርግቼ «ያ ረቢ፣ አደምን መልሰው» ስል ኖሬያለሁ። ተናድጄበት ውዬ እንኳ ዱአውን አልተውሁም፤ እየተሳደብሁ አድርጌዋለሁ። ፊልሙን ባየሁ ማግስት ግን ሱብሒ ሰግጄ እጄን ስዘረጋ፣ ምላሴ ሳላዘው «አደምን ማረው» አለ። ደነገጥሁ። በቁሙ ያለ ሰው ላይ ሞት ለፍፌበት እንደሆንስ? ሞቶ ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን ማረው የሚልለት አጥቶ ተኝቷል ማለት ነው። ሁለቱም ግፍ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄን እዘረጋለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ ቀጥሎ የምለውን አጣለሁ።

ፊልሙን ባየሁት ቁጥር ይገባኛል ብዬ ሁለተኛ ገባሁ፤ ፋኢዛ እምቢ አለችኝ፣ ብቻዬን ሄድሁ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የሰማሁት። አደም ሊሞት ሲል መንገደኛውን፣ «ጨፋዬን እንዳትከፋ በላት» ይለዋል። ሰው ሁሉ አገሩን የጠራ መስሎታል። እኔ ግን መነጽሬ ወደቀ። አባትህ ሰው በሌለበት፣ እኔና እሱ ብቻ ስንሆን የሚጠራኝ ጨፋዬ ብሎ ነበር። እንኳን ለሰው፣ ለዘይቱናም ነግሬያት አላውቅም። መጽሐፍህን ሦስተኛ ጊዜ አነበብሁት፤ የለበትም። አዲስ አበቤዎቹ ከየት ያመጡታል? ከአንተ ነው። አንተስ ከየት አመጣኸው?

አንድ ቤት ነው የምንተኛው። ሣሩን በጥፊ ስመታ ያየህ ልጅ፣ ይህንንም በጆሮህ ሰምተህ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ፣ አባትህን ፊቱን ወደ ቤት አዙረህ የመለስኸው አንተ ነህ ማለት ነው። በመጽሐፉ የተቆጣኸው ልጅ በፊልሙ ይቅር አልኸው ማለት ነው። ያን ያህል ልብ ካለህ፣ ወልጄህ አልከሰርሁም።

ወይም ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ ሰምተኸዋል። ያን ቃል የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ሊያገኝህ መጥቶ እንደሆነ፣ ወይም መጽሐፍህን አንብቦ ከየትም ይሁን ጽፎልህ እንደሆነ፣ ለእኔ ብለህ አትደብቀው። ሌላ ሚስት አለችው ብትለኝ አልወድቅም። ልጆች አሉት ብትለኝ ወንድሞችህ ናቸው። እናቴ አትችለውም ብለህ ገድለህልኝ እንደሆነ፣ ሣሩን የተሸከምሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም እችለዋለሁ።

መምህር ጣሃን ትናንት ገበያ አገኘሁት። ያ ነገር የሕይወት ታሪክ አይደለም፣ አትጨነቂ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማሽላው ቤቴ አልደረሰም። ግን እኔ ለአባትህ አንድም ቀን አልቅሼ አላውቅም ነበር። ላልታወቀ ነገር እንዴት ይለቀሳል? ያች ባለ ሙሉ ጉንጭ ልጅ ጆንያውን አቅፋ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስሁ፣ ወጣልኝ። ያ ለቅሶ ከእንግዲህ የእኔ ሕይወት ነው፤ ጣሃ አያወጣውም። ስላደረግህልኝ አላህ ጀዛህን ይክፈልህ።

አሁን ረጅም መልስ አልፈልግም። ማብራሪያም አልፈልግም። ሞቶ ከሆነ «ማረው» ብለህ ጻፍልኝ፣ ምንጣፉን አነጥፋለሁ። አንተም እንደ እኔ የማታውቅ ከሆነ «መልሰው» በል፣ የለመድሁትን እቀጥላለሁ። በሕይወት ካለና የማይመጣ ከሆነ ደግሞ «ጠብቀው» በል። በዚያችም ዱአ አደርግለታለሁ፣ ምንጣፉንም ለቅሬው እመልሳለሁ።

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፤ ሐላል ሲሳይ፣ ሷሊሕ ትዳር ይስጥህ። ብርዱን ልብስ ደርበህ እለፈው። ለሚያውቁኝ ሁሉ ሰላም በልልኝ።

እናትህ፣
ረቢአ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከሦስቱ የመጨረሻዋን የምትጽፍልኝ ከሆነ፣ እሱ ካለበት ደውልለትና ጨፋዬ አልከፋትም በለው።